በቀይ የተጻፈችው ሰላምታ

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 4 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጠና፣ ባለህበት ምሥራቅ ጀርመን፤

ከሰላምታ በፊት ኑዛዜ ይቅደም። እኔ ጣቢታ ሽብሩ፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የሚከተለውን ጥፋት መፈጸሜን በታላቅ ኀዘን አምናለሁ። ባለፈው ደብዳቤ እናትህ አክስቴ ጵርስቅላ «መቶ ጊዜ ስሜሃለሁ ብለሽ ጻፊልኝ» ስትለኝ፣ «አሥር ጊዜ» ብዬ ጻፍኩ። ዘጠናውን አስቀረሁት። ምክንያቴን ከጠየቅከኝ፣ እኔን የምትስመኝ በዓመት በዓል አንዴ ነው፤ እሱንም ወጥ እንዳያርርባት እየተቻኮለች። ዘጠናው ዛሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኮልሃል። ቆጥረህ ተረከብ።

እንግዲህ ሰላምታ። ጌታ ይመስገን ደህና ነን። አባባ ደህና ነው፣ እናትህ ደህና ናት፣ በቅሎዋ ደህና ናት። እኔን የጠየቀኝ ስለሌለ ስለ ራሴ የምጽፈው የለኝም። አባባ ያስጻፈኝ ደብዳቤ ለብቻው ፖስታው ውስጥ አለ፤ ይህ የእኔ ነው።

የዚህ ቤት ጸሐፊም አንባቢም እኔ መሆኔን ታውቃለህ። አባባ ብረትን ከብረት እንጂ ፊደልን ከፊደል አገናኝቶ አያውቅም። እናትህ ደግሞ ስታስጽፍ ስለምታለቅስ ቀለሙ ይሄድብኛል፤ አሁን ሁለት እርምጃ ርቃ እንድታስጽፍ አድርጌአለሁ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ አባባ የናፍጣ ሞተር ያለው የብየዳ ማሽን አግኝቶ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ አስሮታል። በቅሎዋ ትጎትታለች፣ እኛ እንከተላለን። አንድ ቀን አንጋጫ ላይ ወፍጮ ተሰበረ ይሉናል፣ አንድ ቀን አዲሎ ላይ የጭነት መኪና ተሰነጠቀ ይሉናል። ችግሩ ገመዱ ነው። ኤሌክትሮዱን ወደሚነክሰው ፒንሳ የሚሄደው ሠላሳ ሜትር፣ ወደሚበየደው ብረት የሚሄደው ሌላ ሠላሳ ሜትር፤ ውፍረቱ የአባባን አውራ ጣት ያህላል። ሥራ ባለቀ ቁጥር ያን ሁሉ በመዳፌና በክርኔ መሀል የምጠቀልለው እኔ ነኝ።

«አንድ ቀን ፒንሳውንም አስይዘኝ» ስለው፣ «ሴት ልጅ ስትበይድ የት ታየ?» አለ።

«እንደ በሬ ገመድ ስትጎትትስ የት ታየ?»

ሳቀ። ከዚያ ቃል ገባልኝ፦ ገመዱን የሚጠቀልል ነገር ከሠራሽ እጅሽ ነፃ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ፒንሳውን አስይዝሻለሁ። እናትህ ምስክር ናት።

ሠራሁ! ሁለት ክብ የባሕር ዛፍ ሳንቃ፣ መሀሉ ላይ ግንድ፣ ጫፉ ላይ ከፌሮ የታጠፈ እጀታ። እጀታውን ስታዞረው ገመዱ እንደ ክር ይጠነጠናል። አባባ ዙሪያውን ዞሮ አየና «ይህ የገመድ ማጠንጠኛ ነው ወይስ የእንሰት መፋቂያ?» አለ። ሠላሳ ሜትሩ በሁለት ደቂቃ ሲገባ ግን እጀታውን ራሱ ሊያዞር ጠጋ አለ። እኔም በልቤ ፒንሳውን ጨበጥኩ።

ከዚያ ምን አለ መሰለህ? «እስቲ ለጠና ጻፊለት። እሱ ጀርመን አገር በያጅ ሆኗል። እዚያ እንዴት እንደሚሠሩት ንድፍ ይላክልን።»

ጠና፣ ጠና፣ ጠና! በዚህ ቤት የበር ማጠፊያ ሲጮህ እንኳ «ጠና ቢኖር» ይባላል። የላክኸው ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ፊትህ በብየዳ ማስክ እንደተሸፈነ ነው፤ እናትህ ግን «ማስኩ ራሱ ጠናን ይመስላል» ትላለች። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። የአባባ ሸሚዝ በእሳት ፍንጣሪ ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል፤ ያንተ እጅጌ ላይ አንዲት ቀዳዳ የለችም። ጀርመን እሳቱም ጨዋ ነው መሰል።

ጠይቂው ተብያለሁ፤ ጠይቄሃለሁ። ሥራ ከበዛብህ ግን አትቸገር። ባትቸገር በጣም ደስ ይለኛል።

እህትህ ጣቢታ


ምሥራቅ ጀርመን፣ ኅዳር 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጓድ ሽብሩ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ባሕርና ተራራ ያልገደበው የናፍቆት ሰላምታዬ ለእርስዎ፣ ለእናቴና ለመላው ቤተሰብ ይድረስ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል። ምግቡ ጥሩ ነው፤ ሆኖም በርበሬ የሚባል ነገር ስለማያውቁ፣ ሰው ከተገኘ ትንሽ ቋጥራችሁ ብትልኩልኝ አልጠላም።

ስለ ገመድ ማጠንጠኛ መጠየቅዎን ሳነብ ደስ አለኝ። እኛ በያጆች እዚህ ያለ ማጠንጠኛ አንድ ቀን አንውልም። ንድፉን ከፊት፣ ከጎንና ከላይ አድርጌ ሥዬዋለሁ። ከአሮጌ የመኪና ቸርኬ ይነሱ። ገመዱ ወደ ጎን እንዳያመልጥ በግራና በቀኝ ከበርሜል ክዳን የተቆረጠ ክብ ላሜራ ይበይዱበት። መሀሉን በቱቦ ይውጉት፤ ቱቦው እንዲሽከረከር በሁለቱም ጫፍ ኩሽኔታ ያግቡለት። እጀታው መጨረሻ ይበየዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እንዳይዘለል ብዬ በቀይ ጽፌዋለሁ፦

«ገመዱ ማጠንጠኛው ላይ ተጠቅልሎ እያለ በፍጹም አትበይዱ። ሁሉንም ፈትታችሁ መሬት ላይ ዘርጉት፤ አለዚያ ግሎ ይቀልጣል።»

ለታናሽ እህቴ ለጣቢታ፦ ስለ እንጨት ሥራሽ አጎቴ ጽፈውልኛል። ለጀማሪ መጥፎ አይደለም። በትምህርትሽ በርቺ።

ሥራው ሲያልቅ የማጠንጠኛውን ፎቶ ላኩልኝ።

የእርስዎው ጠና


ሆሳዕና፣ ጥር 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለጠና፣ ለጀማሪዎች ሁሉ አባት፤

እንዴት ከርመሃል? እኔ ለጀማሪ መጥፎ አይደለሁም።

ደብዳቤህ ከገና ሁለት ሳምንት ቀድሞ ደረሰ። እናትህ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ስለነበር ያነበብኩት ቆሜ ነው። «ለጓድ ሽብሩ» ስል፣ አባባ ማን እንደገባ ለማየት ወደ በሩ ዞረ። ስለ ብርዱ ሳነብ እናትህ የራሷን ጋቢ ትከሻዋ ላይ አጠበቀች። ንድፉን ስዘረጋው ግን ሰዉ ሁሉ ተጠጋ። ሦስት ሥዕል! ከላይም ይታያል! አባባ ወረቀቱን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀበለና «ይኸውላችሁ የተማረ ሰው» አለ። የእኔ ማጠንጠኛ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። እሱም ከላይ ይታያል፤ ጎንበስ ብሎ ያየው አልነበረም እንጂ።

ሁሉንም አነበብኩለት። ቀይዋንም መስመር በጣቱ ነክቶ «ይህችስ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መለስኩለት። ዝርዝሩ ይቆየን።

ማጠንጠኛህ በአሥር ቀን ተሠራ። ቸርኬው የጭነት መኪና ነው፣ ላሜራው እውነተኛ በርሜል ነው፣ ሁለት ሰው ነው የሚያነሳው። ጋሪው ላይ ሲጫን በቅሎዋ ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ ተቀመጠች። በቅሎ ስለሆነች ማንም ለምን አላላትም።

የመጨረሻውን ስማ። አባባ ላሜራው ላይ ስምህን በብየዳ ለመጻፍ ፈለገ። ፊደል ስለማያውቅ እኔ በጠመኔ ጻፍኩለት፣ እሱ በእሳት ተከተለው። «ጠ» እና «ና»፣ እያንዳንዳቸው የሰው ጭንቅላት ያህላሉ። ስምህን በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ገልብጬ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ማንም ባላወቀብኝ።

የእኔ ማጠንጠኛ ወደ ዶሮ ቤት ተዛውሯል። ትናንት አንዲት ዶሮ እንቁላል ጣለችበት። በዚህ ግቢ ሥራዬን የተረዳች እሷ ብቻ ናት።

ስለ ፒንሳው ባስታውሰው አባባ ምን አለ? «ያልኩሽ ማጠንጠኛ ከሠራሽ ነው። ይህን የሠራው ጠና ነው።»

እናትህ መቶ ጊዜ ስማሃለች። ዘንድሮ አልቀነስኩም።

ጣቢታ


ምሥራቅ ጀርመን፣ የካቲት 6 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጣቢታ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ስሜ በእሳት መጻፉን ሳነብ፣ ከእኔ ጋር ለሚያድሩት ልጆች ሁሉ አነበብኩላቸው። ፎቶውን አትርሺ። «ጠና» የሚለው በደንብ ይታይ።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ስለ ቀይዋ መስመር «መለስኩለት» ነው ያልሽው። ምን ብለሽ መለስሽለት? አጎቴ ሲበይዱ ገመዱን ሁሉ ይፈታሉ? ይህን ብቻ ቶሎ ጻፊልኝ። በርበሬው ይቅር።

ጠና


ሆሳዕና፣ መጋቢት 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጠና፤

ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ነው። ጥያቄህ በሦስት ሳምንት ዘገየች።

የካቲት መጨረሻ ላይ አንጋጫ ሄድን። የገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ የቆመበት የብረት እግር ተሰንጥቆ ሰው እህሉን ይዞ ተሰልፏል። የገበያ ቀን ነው። አባባ ማጠንጠኛህን ስምህ ወደ ሰው እንዲዞር አድርጎ አቆመው። «ጀርመን አገር ያለው የእህቴ ልጅ ነው የነደፈው» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሁለት ጊዜ።

ጋሪው ወፍጮው ደጅ ድረስ ገብቷል። ከማሽኑ እስከ ወፍጮው ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። አባባ ሦስት ሜትር ብቻ ፈታ። የቀረው ሁሉ ማጠንጠኛው ላይ ነው። «ለሦስት ሜትር ሠላሳውን ምን ያስፈታል? ማጠንጠኛ የተሠራው ለዚህ አይደል?» አለ ለሰዉ። ሰዉም «እውነት ነው» አለ።

እኔ እውነት እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ቀይዋን መስመር አላነበብኩለትም፣ ጠና። «ይህችስ?» ሲለኝ፣ የእኔን ማጠንጠኛ ከበሩ አጠገብ አየሁት፣ ያንተን ንድፍ በሁለት እጁ ይዞት አየሁት፤ ከአፌ የወጣው «ሰላምታ ናት» የሚል ነበር። «በቀይ?» አለኝ። «ሶሻሊስት አገር አይደል? እዚያ ሰላምታ የሚጻፈው በቀይ ነው» አልኩት። አመነኝ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤህን ባወጣ ቁጥር ያቺን መስመር በጣቱ ይዳብሳታል፤ «እንዴት ያለ አክባሪ ልጅ ነው» እያለ።

ክፉ ነገር አላሰብኩም። ሥራህ ትንሽ እንዲያፍር ብቻ ነው የፈለግሁት። አንድ ጊዜ ብቻ «ጠናም ይሳሳታል» ሲባል ልስማ ነው ያልኩት።

ብየዳው ተጀመረ። እሳቱ ደካማ ነበር። አባባ የማሽኑን ኃይል ጨመረ። ቆይቶ እንደገና ጨመረ። ያኔ ጎማ ጎማ መሽተት ጀመረ። ንገሪው፣ ንገሪው ይለኛል ልቤ። አንዲት ደቂቃ አልኩት። ስምህ ሲጨስ ልይና ከዚያ እነግረዋለሁ። ደቂቃዋ ረዘመችብኝ። ጢሱ በ«ጠ» እና በ«ና» መሀል ሲወጣ የማኅበሩ ሊቀመንበር «የጀርመን ነው ያሉት እንዲህ ያጨሳል እንዴ?» አሉ፤ ሰዉ ሳቀ። አባባ ገመዱን ሊያድን ሮጦ በግራ እጁ ያዘው። የቀለጠው ጎማ መዳፉ ላይ ተጣበቀ።

ጠና፣ አባባ ሲናደድ በሀዲይሳ እንደሚጮህ ታውቃለህ። እሱ ቀላሉ ነው። ከባዱ ዝም ሲል ነው። የዚያን ቀን ዝም አለ። እስከ ሆሳዕና ድረስ የሰማሁት የበቅሎዋን ኮቴ ነው። ቤት ስንደርስ እናትህ እጁን በጨርቅ እየጠቀለለች «ልጄ ምን ነካው?» ብላ አለቀሰች። አባባ ምን አለ? «ልጁ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ ያልገባኝ። ንድፉን አያለሁ፣ ጽሑፉን አላይም። ዓይን እያለኝ ዕውር።» በማግሥቱ መሠረተ ትምህርት ተመዘገበ። አስተማሪው መምህር ወንዳፈረው «መጀመሪያ ምን ማንበብ ይፈልጋሉ?» ሲሉት ምን ብሎ እንደመለሰ ገምት። ቀይዋን ሰላምታ።

ደብዳቤዎችህ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ወፍጮው አልተሠራ፣ የአባባ እጅ አይጨብጥ፤ ከገመዱ የተረፈውን አሥራ ስምንት ሜትር በእኔ የእንጨት ማጠንጠኛ ጠቅልለን በሦስተኛው ቀን ተመለስን። እኔ ሁሉንም ፈትቼ መሬት ላይ ዘረጋሁት። «ለምን?» አለኝ። «እንዳይጠላለፍ» አልኩት። ከዚያ ማስኩን አጠለቀልኝና ፒንሳውን አስያዘኝ። የበየድኩት እኔ ነኝ። አንድ ዓመት ስለምነው የኖርኩት ነገር ነው፤ ያገኘሁት ግን የእሱን እጅ አቃጥዬ ነው። ማስኩ ውስጥ ማልቀስ እንደሚቻል ያንን ቀን አወቅሁ። ማንም አያይህም።

አባባ አሁን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ»ን ጨርሶ «መ» ላይ ነው። ምን ላድርግ?

ጣቢታ


ምሥራቅ ጀርመን፣ ሰኔ 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለጣቢታ ብቻ። ጮክ ብለሽ እንዳታነቢው።

መልሴ የዘገየው ፖስታው ዘግይቶ አይደለም። ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። የመጀመሪያው ስድብ ነበር። ሁለተኛውም ስድብ ነበር፤ ግን መሀል ላይ ሲደርስ የምሰድበው ራሴን ሆነ።

እጅጌዬ ላይ ቀዳዳ የለም ብለሽኝ ነበር። ልክ ነሽ። ያ ማስክ የእኔ አይደለም፤ ለፎቶ ከሌላ ልጅ የተዋስኩት ነው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ፒንሳ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ያለሁት ገመድ በሚሠራበት ፋብሪካ ነው። ሥራዬ የተሠራውን ገመድ ማጠንጠኛ ላይ መጠቅለል ነው። ጠዋት እጠቀልላለሁ፣ ከሰዓት እጠቀልላለሁ። አንቺ በክርንሽ የምትሠሪውን እኔ በመኪና እሠራዋለሁ፤ ለዚህ ነው ጀርመን የመጣሁት። አጎቴ የማጠንጠኛ ንድፍ ሲጠይቁኝ ለምን እንደዚያ ደስ እንዳለኝ አሁን ይገባሻል። ከጠየቁኝ ሁሉ የማውቀው ያንን ብቻ ነበር።

ቀይዋን መስመርም ማንም አላስተማረኝም። የመጣሁ ሰሞን ለመሞከር ተብሎ ኤሌክትሪክ የተለቀቀበትን ገመድ ሳልፈታ ትቼው አቅልጬ ነው ያወቅኋት። ሰው ሁሉ ፊት ተሳቀብኝ። ስለዚህ ነው አጎቴ ፊት እንዳይሳቅባቸው በቀይ የጻፍኩት።

«የበየድኩት እኔ ነኝ» ያልሽውን አራት ጊዜ አነበብኩት። ቀናሁብሽ። ስለ እጃቸው ከማዘኔ በፊት ቀናሁብሽ፤ ይህንንም እንድታውቂው ነው የጻፍኩት።

ፎቶውን አልፈልግም። ስሜን ከላሜራው ላይ ሞርጂልኝ። አጎቴ «ገ» ላይ ከመድረሳቸው በፊት አንቺው ራስሽ ንገሪያቸው። ከወረቀት ከሚሰሙት ከአንቺ ቢሰሙት ይሻላል። የእኔን ነገር ግን ለእናቴ አትንገሪ። እለምንሻለሁ።

ወንድምሽ ጠና


ሆሳዕና፣ ሐምሌ 18 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጠና፣ ለጠቅላዩ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ላልተበሳው እጅጌህም ሰላም ይሁን። ይህን ቀልድ ስጽፍ ትንሽ አፈርኩ፤ ግን አልሰረዝኩትም።

ደብዳቤህን ዶሮ ቤት ተደብቄ አነበብኩት። ለእናትህ አልነገርኩም፤ አሁንም ፎቶው ላይ ያለውን ማስክ እየሳመችው ነው። ቀናሁብሽ ስትለኝ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እንዴት ያለ ደስታ መሰለህ! እስከ ማታ ቆየልኝ። ከዚያ አንተ እዚያ እጀታ ስታዞር፣ እኔ እዚህ እጀታ ሳዞር፣ ሁለታችንም የአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ይዘን ስንቀናና ታየኝ፤ ደስታው አለቀ።

ስምህን አልሞረድኩትም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ። አባባ ፊደል ሲጀምር መምህር ወንዳፈረው «ሀ» ብለው ቢያሳዩት «ይቺን አላውቃትም። እኔ የማውቃቸው ሁለት ናቸው» ብሎ «ጠ» እና «ና»ን ሰሌዳው ላይ ጻፈላቸው። በብየዳ የጻፋቸውን እጁ አልረሳቸውም። ሌላውን ፊደል ሁሉ የተማረው ከእነዚያ ከሁለቱ ተነስቶ ነው። ታዲያ እንዴት ልሞርደው?

ብታየው ትስቃለህ። እርሳሱ ወረቀት ሲነካ ዓይኑን ይጨፍናል፤ በያጅ ስለሆነ እሳት ይፈነጥቃል ብሎ ነው። መምህር ወንዳፈረው «አቶ ሽብሩ፣ ዓይንዎን ይክፈቱ እንጂ» ሲሉት ክፍሉ ሁሉ በሳቅ ያውካካል። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ያነባል። «መድ... ኃ... ኒት... ቤት» ብሎ እስኪጨርስ ከኋላችን ሦስት ጋሪ ይቆማል። በቅሎዋም ለምዳለች፤ ሰሌዳ ስታይ ራሷ ትቆማለች።

ንገሪያቸው ብለኸኛል። ልነግረው ያልሞከርኩበት ቀን የለም። ሰኞ ደክሞት ነበር። ማክሰኞ ደስ ብሎት ነበር፤ ደስ ያለውን ሰው እንዴት ታሳዝነዋለህ? ረቡዕ ዝናብ ጣለ። ይኸው አንድ ሳምንት በዚህ ሄደ። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ነገሩን የባሰ የሚያከብድ ነገር ተናገረ። ነገ አዲሎ ሥራ አለን፤ እጁ ድኗል፣ ጠባሳው ቢጠነክርም ይጨብጣል። «እንግዲህ ፒንሳው ወደ አንተ ተመለሰ» አልኩት። «የለም» አለኝ። «አዲሎ አንቺ ትበይጃለሽ። እኔ ገመዱን እዘረጋለሁ። ከዚህ በኋላ ይህ ማሽን ያንቺ ነው። በእጅሽ ብቻ ሳይሆን በአፍሽም አምንሻለሁ፤ ስንት ዓመት አንብበሽልኛል።»

በአፍሽም አምንሻለሁ! ከስድብ ሁሉ ይህ በለጠብኝ።

ይህን የምጽፍልህ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነው። አባባ ደጅ ድንጋዩ ላይ ነው፤ ትናንት የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቱን ተቀብሏል፤ ሳጥኑን እስከዚያ አልከፍትም ብሎ ነበር። አሁን ቁልፉን ከአንገቱ አወጣ። እናትህ ሳጥኑን አመጣችለት። የመጀመሪያውን ደብዳቤ አይደለም ያነሳው፣ የአምናውንም አይደለም። ንድፉ ያለበትን ነው። ዘረጋው። ጣቱ ቀይዋ ላይ አረፈ።

ልነሳ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ልጨርስና ተነስቼ ልንገረው።

ጀመረ። «ገ... መ... ዱ...»

«ገመዱ» አለ። ቀና ብሎ እናትህን አያት። «ሰላምታው ገመዱ ብሎ ነው የሚጀምረው?»

«ጀርመኖች ናቸው» አለች እናትህ። «ገመዱንም ደህና ነህ ወይ ይሉት ይሆናል።»

ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። አንዲት መስመር ልጨምርና እነሳለሁ።

«ማ... ጠ...» እዚህ ላይ ፈገግ አለ። «ጠ»ን ያውቃታላ፤ የስምህ ናት። «ማጠን... ጠኛው... ላይ... ተጠ... ቅልሎ... እያለ...»

ፈገግታው ጠፋ። ጣቱ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ዓይኑን አልጨፈነም።

«በፍ... ጹም... አት... በይዱ።»

ጠና፣ ዝም አለ። ወደ ኋላ ተመልሶ ከመጀመሪያው እንደገና አነበበው፤ አሁን ሳይቆራርጥ፣ በአንድ ትንፋሽ። እናትህ «ምን ይላል?» አለችው። እሱ ግራ እጁን ገልብጦ መዳፉን አየው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። እየጻፍኩ እንደሆነ ያያል። ለማን እንደምጽፍም ያውቃል።

ልነሳ ነው፤ አሁን እውነቴን ነው፤ ይህችን ብቻ

«ጣቢታ።»